አርዲኤ ስንገባ የድሮውን ካታሎግ ምን እናድርገው?

ጥያቄው፦ «ደሴ ባለ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አራት ሆነን እንሠራለን፤ ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ ሁለት ባልደረቦች አሉን። ኮሃ (የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌራችን) ላይ ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ሬከርድ (የመጽሐፍ መዝገብ) አለ፤ ከዚያ ውስጥ 3 ሺህ ያህሉ የአማርኛ መጻሕፍት ናቸው። ሁሉም በድሮው ደንብ የተሠራ ነው፤ ገሚሱ ከኤክሴል የተገለበጠ ነው። አሁን ወደ አርዲኤ (አዲሱ የካታሎግ አሠራር ደንብ) ግቡ ተብለናል። 11 ሺውን እንደገና መሥራት ሊኖርብን ነው? ከየት እንጀምር? የደራሲ ስምና የዓመተ ምሕረት ነገርም እርስ በርስ አጨቃጭቆናል።»

አይ፣ እንደገና አትሥሩት። አንድ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ፣ የርዕስ ገጹን አይቶ፣ ሬከርዱን አርሞ ለመመለስ በትንሹ 15 ደቂቃ ይፈጃል። በ11 ሺህ ስታባዙት 2,750 ሰዓት ነው። ሁለት ሰው ሌላ ሥራ ሳይነካ በቀን ስድስት ስድስት ሰዓት ቢቀመጥበት 229 የሥራ ቀን ይወስዳል። ያን ሁሉ ጊዜ የሚበላው ደግሞ በአብዛኛው ማሽን በአንድ ከሰዓት ሊያደርገው የሚችል ለውጥ ነው።

ሥራውን እንዲህ ክፈሉት። ከነገ ጀምሮ የሚገባ መጽሐፍ ሁሉ በአዲሱ ደንብ ይግባ። የድሮው በጅምላ ይለወጥ። የእጅ ጉልበታችሁ በሙሉ ወደ 3 ሺው የአማርኛ ሬከርድ፣ በተለይም ወደ ስምና ወደ ዓመት ይሂድ። አንባቢያችሁን የሚያጉላላው «ገጽ» የሚለው ቃል በምህጻረ ቃል መጻፉ አይደለም፤ በዓሉ ግርማ አንዴ በ«በ»፣ አንዴ በ«ግ» መግባቱ ነው። ይህን ሳያስተካክል አርዲኤ የገባ ቤተ መጻሕፍት ቀለም ብቻ ቀይሯል።

ለጀማሪ ባልደረቦች ያህል፦ ኤኤሲአር 2፣ ማለትም የድሮው የካታሎግ ደንብ፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ለካርድ ካታሎግ የተጻፈ ስለሆነ ቦታ ለመቆጠብ ብዙ ያሳጥራል። አርዲኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከማርች 31 ቀን 2013 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ገባበት። ማርክ 21 ጥቂት ፊልዶች ተጨመሩበት እንጂ አልተቀየረም፤ ሬከርዱ የሚቀመጥበት ሣጥን ያው ነው፤ የተቀየረው ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ ነው። በዕለት ሥራ የሚታየው ልዩነት ጥቂት ነው፦ ምህጻረ ቃል አይጻፍም፤ የርዕስ ገጹ እንዳለ ይገለበጣል፤ ከሦስት ደራሲ በላይ ሲሆን የቀሩትን መዝለል ግዴታ አይደለም፤ 260 በ264 ይተካል፤ በ245 ሰብፊልድ ኤች ይገባ የነበረው የቁስ ዓይነት ወጥቶ በ336፣ 337 እና 338 ይገባል። (ቁጥሮቹ የማርክ ፊልዶች ናቸው፦ 100 ደራሲ፣ 245 ርዕስ፣ 250 ዕትም፣ 260 እና 264 የኅትመት መረጃ፣ 300 የገጽ ብዛትና ቁመት። ሰብፊልድ የፊልድ ንዑስ ክፍል ነው፤ ሰብፊልዶቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው እጠራለሁ፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያልኩ።)

መጀመሪያ ፍሬምወርኩን፣ ማለትም የሬከርድ መሙያ ቅጹን፣ አስተካክሉ። በኮሃ አስተዳደር ገጽ የማርክ ቢብሊዮግራፊክ ፍሬምወርክ የሚለውን ክፈቱ፤ ነባሩን ሳትነኩ አንድ ለአማርኛ፣ አንድ ለእንግሊዝኛ መጽሐፍ አዲስ ፍሬምወርክ ከነባሩ ኮፒ አድርጉ። በሁለቱም ላይ ሠራተኛው እንዳይጽፈው በነባሪ ዋጋ የምትሞሏቸው እነዚህ ናቸው። ሊደር (የሬከርዱ መክፈቻ መስመር) ቦታ 18 ላይ «አይ»፤ ድሮ «ኤ» ነበር። 040 (ሬከርዱ በማንና በምን ደንብ እንደተሠራ የሚናገረው ፊልድ) ሰብፊልድ ኢ ላይ አርዲኤ የሚለው በሦስት ትንንሽ የላቲን ፊደል። 040 ሰብፊልድ ቢ ላይ የካታሎጉ ቋንቋ ኮድ። 336 ላይ ጽሑፍ፣ ኮዱ ቲ-ኤክስ-ቲ፤ 337 ላይ ያለ መሣሪያ የሚነበብ፣ ኮዱ ኤን፤ 338 ላይ ጥራዝ፣ ኮዱ ኤን-ሲ። በእነዚህ ሦስቱ ሰብፊልድ 2 ላይ አርዲኤኮንተንት፣ አርዲኤሚዲያ፣ አርዲኤካሪየር ይገባል፤ በላቲን፣ በትንንሹ፣ ሳይነጣጠል። ከዚያ 260ን ከመጻፊያው ገጽ ደብቁ፤ ከፍሬምወርኩ ግን አታጥፉት። ካጠፋችሁት የድሮ ሬከርድ ተከፍቶ ሲቀመጥ አሳታሚና ዓመቱ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኮሃ አሳታሚውንና ዓመቱን ከማርኩ ወደ ራሱ የዳታቤዝ ዓምድ ይገለብጣል፤ ያ ግንኙነት በድሮ ጭነቶች ከ260 ጋር ብቻ ነው። 264 ሞልታችሁ ሪፖርት ስታወጡ የአሳታሚው ዓምድ ባዶ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። አዳዲሶቹ የኮሃ ቅጂዎች አንዱን ዓምድ ከሁለት ፊልድ ጋር ማያያዝ ይፈቅዳሉ፤ ከኮሃ ወደ ማርክ ማዛመጃ በሚለው ገጽ 264 ሰብፊልድ ቢን እና ሲን ጨምሩ፤ ከዚያ አይቲው ባች ሪቢልድ ቢብሊዮ ቴብልስ የሚባለውን ስክሪፕት አንድ ጊዜ ያስኪድ።

የካታሎግ ቋንቋ ላይ አቋም ያዙ። ከመጽሐፉ የሚገለበጠው ሁልጊዜ በመጽሐፉ ቋንቋ ነው። እኛ የምንጨምረው፣ ማለትም የገጽ ብዛት፣ ማስታወሻ፣ «አሳታሚ አልታወቀም» የመሳሰለው፣ በካታሎጉ ቋንቋ ይሆናል። ለአማርኛ መጽሐፍ 040 ሰብፊልድ ቢን የአማርኛ ኮድ (ኤ-ኤም-ኤች) አድርጋችሁ በአማርኛ ጻፉ፤ ለእንግሊዝኛው እንግሊዝኛ ይቆይ። በአንድ ሬከርድ ውስጥ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ መጻፍ ከሁሉም የከፋ ነው።

አሁን 264። የአማርኛ መጽሐፍ የሚያስቸግረው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ መጻሕፍት ላይ ማተሚያ ቤት እንጂ አሳታሚ አይገኝም። ድሮ ሁላችንም ማተሚያ ቤቱን 260 ሰብፊልድ ቢ ላይ አስገብተን እናልፍ ነበር። ማተሚያ ቤት ግን ወረቀቱን ያተመ እንጂ መጽሐፉን ያሳተመ አይደለም፤ ገንዘቡን ያወጣው ብዙ ጊዜ ደራሲው ራሱ ነው። በ264 ሁለተኛው ኢንዲኬተር (ከፊልዱ ቁጥር ቀጥሎ የሚገባው መለያ አሐዝ) ይህን ይለያል፦ 0 ላልታተመ ሥራ፣ 1 ለአሳታሚ፣ 2 ለአከፋፋይ፣ 3 ለአታሚ፣ 4 ለቅጂ መብት ዓመት።

አንድ መጽሐፍ በእጃችን ይዘን እንየው። የርዕስ ገጹ ጀርባ ላይ በአራት መስመር «ሁለተኛ ዕትም / ፲፱፻፺፭ ዓ.ም. / መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው / አዲስ አበባ» ይልና ከሥሩ የማተሚያ ቤት ስም አለ። መጨረሻው ገጽ 164 ነው፤ ቁመቱ በማስመሪያ 20.3 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዲህ ይገባል፦ 250 ሰብፊልድ ኤ «ሁለተኛ ዕትም»፤ እንዳለ፣ በዐይኑ «ዕ»፣ «2ኛ እት.» ሳይባል። 264 በሁለተኛ ኢንዲኬተር 1፦ «[አዲስ አበባ?] : [አሳታሚ አልታወቀም], 1995 [2002 ወይም 2003]»። ቦታው በቅንፍና በጥያቄ ምልክት የሆነው የታተመበት ከተማ እንጂ አሳታሚው ያለበት መሆኑ ስላልተጻፈ ነው። ቀጥሎ ሌላ 264፣ በኢንዲኬተር 3፦ አዲስ አበባ፣ የማተሚያ ቤቱ ስም። 300፦ «164 ገጽ ; 21 ሴ.ሜ»። ቁመት ሁልጊዜ ወደ ላይ ይጠጋል። ሴ.ሜ በእኛ ምህጻረ ቃል ቢመስልም ደንቡ እንደ ምልክት ስለሚቆጥረው አትዘርዝሩት።

መጽሐፉ ላይ «አሳታሚ፦ ደራሲው» የሚል ካለ ግን ነገሩ ቀላል ነው፤ የደራሲው ስም በኢንዲኬተር 1 አሳታሚ ሆኖ ይገባል። የ© ምልክት ከነዓመቱ ካለና ሌላ የኅትመት ዓመት ከሌለ ዓመቱን በ264 1 ላይ በቅንፍ አስገቡ፤ በ264 4 ላይ ደግሞ ያለ ቅንፍ ከነምልክቱ ድገሙት። «ዕትም» እና «ኅትመት» ደግሞ አይምታታባችሁ፤ አሳታሚዎች ራሳቸው ያምታቱታል። ደንቡ የሚከተለው የተጻፈውን ነው፦ «ሦስተኛ ዕትም» ካለ 250 ላይ ይገባል፣ አዲስ ሬከርድም ይሠራለታል። «ሦስተኛ ኅትመት» ብሎ ገጹም ይዘቱም ካልተለወጠ ቅጂው በነባሩ ሬከርድ ሥር ይገባል።

ዓመቱን ትንሽ ላስረዝመው፤ ጭቅጭቃችሁ የተነሣውም ከዚህ ሳይሆን አይቀርም። የኢትዮጵያ ዓመት ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ስለሚሄድ ሁለት የፈረንጅ ዓመት ይነካል። 1995 ዓ.ም. በ2002 ጀምሮ በ2003 ያልቃል። መጽሐፉ ወሩን ካልነገራችሁ ሰባት ደምራችሁ አንዱን ብቻ አትጻፉ፤ ሁለቱንም ጻፉ። የኅትመቱ ወር ከተጻፈ ግን አንዱ ይበቃል፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር ሰባት ይደመራል፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ስምንት። ታኅሣሥ ለሁለት ይከፈላል፤ የፈረንጅ ጃንዋሪ 1 በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ ስለሚውል ቀኑ ካልታወቀ ሁለቱንም ተዉት። የመቅድሙ ወር ግን የኅትመት ወር አይደለም፤ ደራሲው ኅዳር ላይ መቅድሙን ጽፎ መጽሐፉ ግንቦት ላይ ሊወጣ ይችላል።

ከ264 በላይ ግን አጥብቃችሁ የምትይዙት 008ን፣ መረጃው በኮድ የሚገባበትን ፊልድ፣ ነው። ኮሃ በኅትመት ዓመት ሲደረድርና ሲፈልግ የሚያየው 008ን ነው። ከቦታ 7 ጀምሮ ያሉት አራት አሐዞች ሁልጊዜ የፈረንጅ ዓመት መሆን አለባቸው። ለምሳሌያችን ቦታ 6 ላይ «ኪው»፣ ከዚያ 2002፣ ከዚያ 2003 ይገባል፤ ዓመቱ አንድ ብቻ ከሆነ ቦታ 6 «ኤስ» ይሆንና ሁለተኛው ዓመት ባዶ ይቀራል። እዚህ ላይ 1995 ብሎ ያስገባ ሰው መጽሐፉን በሰባትና በስምንት ዓመት አስረጅቶታል። «ከአሥር ዓመት ወዲህ የታተሙ ስንት አሏችሁ?» ተብሎ ሪፖርት ሲጠየቅ የአማርኛው ክምችት በሙሉ ያረጀ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ መጻሕፍት ሲወገዱም መጀመሪያ የሚወጡት ያለ ጥፋታቸው እነሱ ይሆናሉ።

«ዓ.ም.»ም «እ.ኤ.አ.»ም ሳይባል «2005» ብቻ የተጻፈበት መጽሐፍ አለ። ቋንቋው አማርኛ ከሆነና ሌላ ምልክት ከሌለ እንደ ኢትዮጵያ ዓመት ውሰዱት። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሆነ ተቃራኒው። ወሎ ውስጥ ስለምትሠሩ የሂጅራ ዓመትም ይገጥማችኋል፤ በተለይ በዐረብኛና በዓጀም (በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ የአገር ቋንቋ) በተጻፉት ላይ። አካሄዱ ያው ነው፦ የተጻፈው ዓመት በፊት፣ የፈረንጁ በቅንፍ። ዓጀሙ አማርኛ ከሆነ የቋንቋ ኮዱ የአማርኛ ነው፤ ፊደሉ ዐረብኛ ስለሆነ ዐረብኛ ብላችሁ አትመዝግቡት። በ546 ሰብፊልድ ኤ ላይ «በአማርኛ»፣ በሰብፊልድ ቢ ላይ «የዐረብኛ ፊደል» ብላችሁ ለዩት።

ወደ ስም እንምጣ። ኤኤሲአር 2ም ሆነ አርዲኤ ሰው በአገሩ ልማድ ይግባ ነው የሚሉት። የእኛ ልማድ የራስ ስም፣ ከዚያ የአባት ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የለንም። ስለዚህ «በዓሉ ግርማ» ያለ ኮማ፣ በተራው ይገባል፤ የ100 የመጀመሪያ ኢንዲኬተር 0 ይሆናል። «ግርማ, በዓሉ» ብሎ በኢንዲኬተር 1 ማስገባት አባቱን ደራሲ ማድረግ ነው። ደራሲው መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ቢጽፈውም ሕጉ ያው ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት ግን መጽሐፉ ወደ አማርኛ ቢተረጎምም የቤተሰብ ስም ስላለው «ፓንክረስት, ሪቻርድ» ተብሎ በኢንዲኬተር 1 ይገባል። ማን የትኛው እንደሆነ ለመለየት የመጽሐፉን ቋንቋ ሳይሆን የሰውየውን ስም አሰያየም ተመልከቱ።

ማዕረግ ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይታያል። በ245 ሰብፊልድ ሲ አርዲኤ የርዕስ ገጹን እንዳለ ገልብጡ ስለሚል «ፕሮፌሰር»፣ «መምህር»፣ «ሼህ» የሚለው ሁሉ ይጻፋል፤ ድሮ እንተወው ነበር። በ100 ላይ ግን በስሙ ፊት አይገባም። ሼህ ሁሴን ጅብሪልን ውሰዱ፤ ሰው ሁሉ የሚጠራው ከነ«ሼህ»ው ስለሆነ ሰብፊልድ ኤ ላይ «ሁሴን ጅብሪል»፣ ሰብፊልድ ሲ ላይ «ሼህ» ይሆናል። እንደ ገ/መድኅን፣ ወ/ሚካኤል፣ ኃ/ማርያም ያሉትም እንዲሁ ናቸው፦ በ245 በተጻፉበት ሁኔታ ይቆያሉ፣ በ100 ተዘርዝረው ይጻፋሉ። ሁለት ደራሲዎች በስምም በአባት ስምም ሲገጥሙ የአያት ስም መጨመር ለእኛ ተፈጥሯዊ መፍትሔ ነው፤ ግን ደራሲው ራሱ በመጻሕፍቱ ላይ ሲጠቀምበት ብቻ ይሁን። አለዚያ የትውልድ ዓመት፣ እሱም ካልተገኘ ሙያ ይለያቸው።

ከሆሄው ጋር ግን በእጅ ታግላችሁ አትችሉትም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«ጸ»ም በ«ፀ»ም፣ በ«ኅ»ም በ«ህ»ም፣ ተነጣጥሎም ተጋጥሞም ይጻፋል። ለዚህ ነው ኦቶሪቲ ፋይል የሚያስፈልገው። ለአንድ ደራሲ አንድ የኦቶሪቲ ሬከርድ ይከፈታል፤ በ100 የተመረጠው አጻጻፍ፣ በ400ዎቹ ሌሎቹ ሁሉ ይገባሉ፦ የሆሄ ልዩነቱ፣ ከነማዕረጉ ያለው፣ በላቲን የተጻፈው፣ ድሮ ተገልብጦ የገባውም ሳይቀር። የተመረጠው የትኛው ይሁን ስትባሉ ደራሲው በብዛት በመጻሕፍቱ ላይ የተጠቀመበትን ያዙ፤ ሰውየው ስሙን በ«ህ» ከጻፈ እኛ በ«ኅ» አናርመውም። ከዚያ በኮሃ የሥርዓት ምርጫዎች ውስጥ «ኢንክሉድ ሲ ፍሮም ኢን ሰርችስ» የሚለውን አብሩና ኢንዴክሱን እንደገና አሠሩ። ያኔ አንባቢው በ400 ካሉት በየትኛውም ቢጽፍ መጽሐፉ ይወጣለታል። ይህ ምርጫ እንዳለ የማያውቅ ካታሎገር ብዙ ነው፤ 400 እየሞላ ፍለጋው ለምን እንደማይሠራ ሲገርመው ይኖራል።

ስም ስታርሙ መደርደሪያው እንደሚከተል አትርሱ። የጥሪ ቁጥሩ በደራሲው የመጀመሪያ ፊደላት የሚያልቅ ከሆነ «ግርማ» የሚል ስቲከር ያለበት መጽሐፍ «በዓሉ» ሊባል ነው። ሬከርዱን ዛሬ አርሙ፤ የቅጂውን የጥሪ ቁጥር በ952 ሰብፊልድ ኦ ላይ ያለውን ግን ስቲከሩ እስኪቀየር አትንኩት። አለዚያ ስክሪኑ አንድ ቦታ፣ መጽሐፉ ሌላ ቦታ ይሆናል። ስቲከሩን በክረምት ቆጠራ ላይ፣ ተማሪ በሌለበት፣ መደርደሪያ በመደርደሪያ ቀይሩ፤ ከ892.87 ብትጀምሩ የአማርኛ ልቦለዱ በአንድ ጊዜ ይጠራል።

ለርዕስ ፍለጋ ኦቶሪቲ አይደርስም፤ እዚያ ኢንዴክሱን ነው የምታስተካክሉት። ኮሃችሁ ዜብራ (የፍለጋ ሞተሩ) ላይ ከሆነ በነባሪው የሚጠቀምበት የፊደል ሰንጠረዥ ለላቲን የተሠራ ነው፤ ወደ አይሲዩ (የዩኒኮድ ፊደላትን የሚያውቀው) መቀየር አለበት። ይህ የአይቲው ሥራ ነው፦ በዲፎልት አይዲኤክስ ፋይል ውስጥ «ቻርማፕ» የሚለውን መስመር በ«አይሲዩ ቼይን» ይተካዋል። በአይሲዩ ፋይሉ ውስጥ ደግሞ ትራንስሊተሬት በሚለው ትእዛዝ ሞክሼ ሆሄያትን ወደ አንድ መመለስ ይቻላል፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እያንዳንዱ በሰባቱም ቅርጹ። አምስት ሲባዛ ሰባት 35 መስመር ነው። በዚያ ላይ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይጨመራሉ፤ ሓ፣ ኃ እና ዓም በዚሁ መንገድ ወደ ግዕዙ ይመለሱ። ካልተመለሱ «ሃይማኖት» እና «ሀይማኖት» እንደተለያዩ ይቀራሉ። ሬከርዱ ላይ የሚታየው ጽሑፍ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ከጀርባ ያለው ኢንዴክስ ብቻ ነው። ሲጨርስ ሙሉ ሪቢልድ (ኢንዴክሱን እንደ አዲስ መሥራት) ያስፈልጋል፤ መብራት ሳይቆራረጥ፣ ባትሪው ተሞልቶ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ይሁን።

ሁለት ነጥብም ሳይታወቅ ያበላሻል። በርዕስና በንዑስ ርዕስ መካከል የሚገባው የእንግሊዝኛው ኮለን ነው፤ በፊቱም በኋላውም ባዶ ቦታ አለው። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆናችሁ ስትነኩት የሚወጣው ግን «፡» ነው። ለዓይን አንድ ቢመስሉም ለማሽን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ሥርዓተ ነጥቡን ለመጻፍ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

ከኤክሴል የመጣው ክፍልስ? ዩኒኮድ መሆኑን አረጋግጡ። አምዱን መርጣችሁ ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ቀይሩ፤ አማርኛው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ከተዘበራረቀ በድሮ የግዕዝ ፎንት የተተየበ ነውና መጀመሪያ በመለወጫ ወደ ዩኒኮድ ይመለስ። አይኤስቢኤን ያለበትን አምድ ከመክፈታችሁ በፊት የጽሑፍ ዓይነት አድርጉት፤ ካላደረጋችሁት ኤክሴል 13ቱን አሐዝ ወደ ሳይንሳዊ አጻጻፍ ይቀይርባችኋል። የኢትዮጵያ መጻሕፍት ከ978 ቀጥሎ 99944 ይዘው ሲመጡ ቁጥሩ ትክክል ካልሆነ ወይም ከሌላ መጽሐፍ የተቀዳ ከሆነ አትጣሉት፤ 020 ላይ በሰብፊልድ ኤ ፈንታ በዜድ አስገቡት።

የጅምላው ለውጥ ማርክኤዲት በሚባል ፕሮግራም ይሠራል፤ ነጻ ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። መጀመሪያ የዳታቤዙ ሙሉ ባክአፕ ይያዝና ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጥ። ከዚያ 20 ሬከርድ ብቻ፣ አሥሩ አማርኛ፣ በማርክ ቅርጽ ከኮሃ አውጡ። ሊደር ቦታ 9 ላይ «ኤ» መኖሩን ተመልከቱ፤ ባዶ ከሆነ ፕሮግራሙ ፋይሉን ዩኒኮድ አይደለም ብሎ ስለሚያነብ አማርኛው ተበላሽቶ ይወጣል። አርዲኤ ሄልፐር የሚለውን መሣሪያ ክፈቱ፤ 336፣ 337፣ 338 ይጨምራል፣ 260ን ወደ 264 ይለውጣል፣ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃሎችን ይዘረዝራል። የአማርኛዎቹን አያውቃቸውም፤ «ገ.» እና «እት.» የመሳሰሉትን በፈልጎ መተኪያው ራሳችሁ ትተካላችሁ፤ በ300 እና በ250 ብቻ እንዲሠራ ገድባችሁ። በሙሉ ሬከርዱ ላይ ከለቀቃችሁት «ገ.» የደራሲ ስም ውስጥም ገብቶ «ገጽ» ይሆናል። ማሽኑ ማተሚያ ቤቶቹን ሁሉ አሳታሚ አድርጎ ወደ 264 1 እንደሚያመጣም እወቁ፤ በአማርኛው ላይ ይህ ስሕተት ስለሆነ «ማተሚያ» የሚል ቃል ያለባቸውን ለይታችሁ በኋላ በእጅ አርሙ።

ወደ ኮሃ ሲመለስ አዲስ ሆኖ እንዳይገባ የማዛመጃ ደንብ ያስፈልጋል፦ 999 ሰብፊልድ ሲ ላይ ያለው የሬከርድ ቁጥር ከሎካል ነምበር ኢንዴክስ ጋር እንዲገጥም አድርጉ፤ ከገጠመ ነባሩን ይተካ፣ ካልገጠመ ይተው። የቅጂ መረጃን በሚመለከት «አይተምስን ተው» የሚለውን ምረጡ፤ አለዚያ ባርኮዱ ተደግሟል እያለ ስሕተት ይደረድርላችኋል። 20ዎቹን ካስገባችሁ በኋላ በአማርኛ ፈልጉ፣ አንዱን አውሱና መልሱ። ከሰመረ በ500 በ500 ቀጥሉ።

የአማርኛ መጽሐፍ ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በዜድ 39.50 (ሬከርድ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት በኔትወርክ በሚወሰድበት መንገድ) ስታወርዱ ርዕሱ በላቲን ፊደል ይመጣል፤ የግዕዙ ካለም 880 ውስጥ ተደብቆ ነው። ለእናንተ አንባቢ ግዕዙ 245 ላይ መሆን አለበት። አቀያይሯቸው፤ የላቲኑ በ246 ይቀመጥ። 100ንም እንዲሁ በራሳችሁ ኦቶሪቲ ተኩት።

የመመረቂያ ጽሑፍ አጭር ነው፦ ያልታተመ ስለሆነ 264 በኢንዲኬተር 0 ዓመቱን ብቻ ይይዛል፤ 502 ላይ ዲግሪው በቢ፣ ተቋሙ በሲ፣ ዓመቱ በዲ። ሲዲ ከሆነ 337 ኮዱ ሲ፣ 338 ኮዱ ሲ-ዲ።

«አዘጋጅ» የሚለው ቃል ላይ ግን ቁሙ። በርዕስ ገጽ ላይ «አዘጋጅ» የተባለ ሰው ደራሲ፣ አሰባሳቢ ወይም አርታኢ ሊሆን ይችላል። መቅድሙን ሳታነቡ አትወስኑ። ራሱ ከጻፈው በ100 ደራሲ ነው፤ የሌሎችን ሥራ ከሰበሰበና ካረመ በ700 አርታኢ ነው። በሰብፊልድ ኢ የአማርኛውን ቃል፣ በሰብፊልድ 4 ደግሞ የሙያ ኮዱን አስገቡ፦ ለደራሲ ኤ-ዩ-ቲ፣ ለአርታኢ ኢ-ዲ-ቲ፣ ለተርጓሚ ቲ-አር-ኤል።

ስለ ሠራተኛው፦ የአርዲኤ ቱልኪት (ደንቡ የሚነበብበት ድረ ገጽ) በክፍያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የጸናው አዲሱ ቅርጽ ደግሞ ለጀማሪ በቀጥታ የሚነበብ አይደለም። ለእናንተ ሥራ የማርክ 21 መመሪያና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የካታሎገሮች ሥልጠና ጽሑፎች ይበቃሉ፤ ሁለቱም በነጻ ስለሚገኙ አንዴ አውርዳችሁ በኮምፒውተራችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ሁለት ገጽ የማይበልጥ የውሳኔ ወረቀት ጻፉ፦ የካታሎግ ቋንቋ፣ የዓመት አጻጻፍ፣ የስም አገባብ፣ ማተሚያ ቤት፣ ስንት ደራሲ እንደሚዘረዘር። ደንቡ ምርጫ በሚተውበት ቦታ ሁሉ እናንተ አንዱን መርጣችሁ ቀኑን ጻፉበት። ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት የአንዱን ሬከርድ ሌላው ይመርምር፣ በቀን አሥር አሥር። የሚደጋገመውን ስሕተት ሰውየው ላይ ከመቆጣት በፍሬምወርኩ አስተካክሉት፤ አንድ ሰው 040 መሙላት ከረሳ ጥፋቱ የፍሬምወርኩ ነው።

የኮምቦልቻው ቅርንጫፍ ሌላ ኮሃ አይክፈት፤ አንድ ዳታቤዝ፣ ሁለት የቅርንጫፍ ኮድ ይሁን። ኦቶሪቲ የሚከፍትና የሚያርም ግን አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ሁለት ቦታ ከተከፈተ ጸጋዬ ተመልሶ ሁለት ይሆናል። ኔትወርክ ሲቋረጥ የኮሃ ኦፍላይን ማዋስና መመለስ እንጂ ካታሎግ አይሠራም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ያሉት ባልደረቦች በዓምዶቹ አናት ላይ 020፣ 100፣ 245 እያለ የፊልድ ቁጥር የተጻፈበት የኤክሴል ቅጽ ይኑራቸው፤ የርዕስ ገጹንና የጀርባውን ፎቶ አንስተው ከቅጹ ጋር በፍላሽ ወደ ደሴ ይላኩት። ፎቶው ካለ አከራካሪ ዓመት ወይም ስም ሲመጣ መጽሐፉን መጠበቅ አይኖርባችሁም። ቅጹን ማርክኤዲት የተነጣጠለ ጽሑፍ መተርጎሚያ በሚለው መሣሪያ ወደ ማርክ ይቀይርላችኋል።